አባቱ በመስቀል የሚመጣ ልጅና «አባታችን ሆይ»



ከጥቂት ዓመታት በፊት በጉራጌ አገር ከሚገኙት ቁምስናዎች ወደ አንዱ፣ ለመጀመሪያ ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጁትን ልጆች ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ልጆቹ «አባታችን ሆይ» የሚለውን ጸሎት አንዲት ቃል ሳይስቱ በኅብረት ደገሙልን። መምህራቸው ደስ ብሎት ሲመለከተን፣ እኛም ትምህርቱ ከአፍ አልፎ ከልብ መድረሱን ለማወቅ ስለ ፈለግን «ለመሆኑ አባት ማለት ምን ማለት ነው?» ብለን ጠየቅን። ከፊት ወንበር የተቀመጠ፣ ዕድሜው ስምንት ዓመት የሚሆን ልጅ እጁን አወጣና «በመስቀል የሚመጣ ነው» ሲል መለሰ። የሳቅነው እኛና መምህሩ ነበርን። ከልጆቹ አንድም የሳቀ አልነበረም፤ ለእነርሱ ትክክለኛ መልስ ነበርና።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ግን ያ ሳቅ ከበደን። ልጁ የሚያውቀው አባት መስከረም ሲጠባ በአውቶቡስ የሚመጣ፣ ልብስና ጫማ ይዞ የሚገባ፣ ሰንጋ የሚያርድ፣ ከሽማግሌዎች ጋር የሚቀመጥ፣ በዓሉ ሲያበቃ ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ልጅ እግዚአብሔርን «አባት» ብሎ ሲጠራ በልቡ ማንን ያያል? ከሩቅ ሆኖ የሚልክ፣ ስጦታው የሚታወቅ ፊቱ ግን የማይታወቅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚጎበኝ አምላክን ይሆን? ስለ ሥራና ስለ ቤተሰብ ይህን ትምህርት እንድንጽፍ ያነሣሣን የዚያ ልጅ መልስ ነው። ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእኛ ይልቅ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ቢናገሩበት ይሻል ነበር፤ ዳሩ ግን የሃይማኖት ጉዳይም ነው።

ሥራና ቤት አንድ በነበሩ ጊዜ

አስቀድመን ልናርመው የሚገባ አንድ አሳብ አለ። ብዙ ምእመናን ሥራ የአዳም ኃጢአት ቅጣት ይመስላቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰው ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የተቀመጠው ከመውደቁ በፊት መሆኑን ይነግረናል (ዘፍ. 2፥15)። ከውድቀት በኋላ የመጣው ድካሙና ላቡ እንጂ ሥራው አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም ስብከቱን ከመጀመሩ በፊት አብዛኛውን የምድር ሕይወቱን ያሳለፈው በናዝሬት በአንድ ሠራተኛ ቤት ነው። የአገሩ ሰዎች በጥበቡ በተደነቁ ጊዜ ማንነቱን የለዩት በሥራ ነበር፤ ቅዱስ ማቴዎስ የአናጢው ልጅ ብለው እንደ ጠሩት ሲጽፍ (13፥55)፣ ቅዱስ ማርቆስ ደግሞ እርሱ ራሱ አናጢ መባሉን ይጽፋል (6፥3)። ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አንድ ነገር እንረዳለን። መንደሩ ሁሉ ዮሴፍ ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር፤ ልጁም ሙያውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀብሏል። መጋዙንና መዶሻውን ለዮሴፍ ማቀበሉን ወንጌል አልጻፈውም፤ ነገር ግን የአናጢ ቤት የሚያውቅ ሰው አይጠራጠረውም።

በእኛም አገር የገበሬ ቤት እንዲሁ ነበር፤ በብዙ ስፍራም ዛሬ እንዲሁ ነው። እናት እንሰት ስትፍቅ ልጅዋ ከአጠገብዋ ተቀምጦ ይጫወታል፤ ጥቂት ከፍ ሲል ቅጠሉን ያቀብላል፤ ከዚያም ቆጮው የሚቀበርበትን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያያል። እንዲህ ያለው ልጅ ቆጮ ከገበያ የሚመጣ አይመስለውም። ላብ ምን እንደሆነ፣ ትዕግሥት ምን እንደሆነ ማንም ሳይሰብከው ያውቃል፤ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃልና። ያን ኑሮ አስውበን ለመሳል አንፈልግም። እናቶቻችን ወገባቸው የጎበጠው በዚያው ሥራ ነው፤ ከብት ጠባቂ ሆኖ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይደርስ ያደገም ብዙ ነው። ሆኖም አንድ ነገር አልጎደለም ነበር፤ ልጅ ወላጁ ሲሠራ ያይ ነበር።

ዘዳግም ወላጆች የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆቻቸው እንዲያስተምሩ ሲያዝ ጊዜውንም ይወስናል (6፥7)፤ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ ይላል። እንግዲህ ሃይማኖትን የማስተላለፍ ሰዓት ከዕለታዊ ኑሮ የተለየ ሰዓት አይደለም። አራቱንም ሰዓታት ከቤቱ ርቆ የሚያሳልፍ አባት ወይም እናት ልጁን መቼ ያስተምር? ለእኛ ለካህናትና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የቀረልን በሳምንት አንድ ሰዓት ነው፤ ያችም አንድ ሰዓት የአራቱን ቦታ ልትሞላ አትችልም።

አዲስ አበባ የገባ አባት

የጉራጌ ገበሬ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የጀመረው ከ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ወዲህ ነው። መሬቱ ጠባብ ነበር፤ ግብሩ በገንዘብ ይጠየቅ ነበር፤ አዲሲቱም ከተማ ጉልበት ትፈልግ ነበር። በቀን ሥራና በሸክም ጀመረ፤ ከልጆቹም ብዙዎች በሊስትሮነት ተከተሉት፤ ከጣልያን ወረራ በኋላ ደግሞ በመርካቶ ንግድ ውስጥ ስፍራ ያዘ። ያገኘውን ሁሉ ለራሱ አላደረገውም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ከተማ ገብቶ የሚሠራው ወገን ከኪሱ እያወጣ የአገሩን መንገድ ያሠራበት ማኅበር ነው፤ በየመንደሩ ከቆሙት ትምህርት ቤቶችም ብዙዎቹ በዚሁ መዋጮ የተገነቡ ናቸው። ዛሬ ልጁ የሚማርበትን ክፍል የሠራው ከልጁ አጠገብ ያልነበረው አባት ነው። እርሱን የሚወቅስ ቃል ከእኛ አይወጣም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ስለዚህ ነገር ስትናገር የመጀመሪያውን ጥያቄ የምታቀርበው ለአሠሪውና ለማኅበረሰቡ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች ሁኔታ በጻፉት ዐዋጅ መልእክት፣ ሠራተኛ በጭንቅ ተገዶ ከሚገባው በታች ደመወዝ ቢቀበል ፈቃዱ እንደ እውነተኛ ፈቃድ እንደማይቆጠር አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 14ኛ ስማቸውን ከእኚህ አባት የወሰዱት በሥራ ዓለም ዛሬም አዲስ ለውጥ ስለ መጣ መሆኑን ገልጸዋል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባወጡት መልእክት ሥራንና ቤተሰብን በሁለት ገመድ ያያይዟቸዋል (ቁ. 10)። አንደኛው፣ ቤተሰብ ያለ መተዳደሪያ አይቆምምና ሥራ የቤተሰብ መሠረት ነው። ሁለተኛው፣ ሥራና ታታሪነት ልጆች በሚታነጹበት መንገድ ላይ ኃይል አላቸውና ቤት ራሱ ለሰው ሁሉ የመጀመሪያው የሥራ ትምህርት ቤት ነው። የእኛ አባቶች የመጀመሪያውን ገመድ አጥብቀው ይዘዋል። ሁለተኛው ነው የላላው።

ስለዚህ ሁለተኛ ገመድ አንድ ምሳሌ እናንሣ። ዛሬ ጎልማሳ የሆነ አንድ ምእመን ያጫወተን ነው። አባቱ በየመስቀሉ ንጹሕ ኮት ለብሶ ይመጣ ነበር፤ በመንደሩም ነጋዴ ተብሎ ይታወቅ ነበር። ልጁ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ከዘመድ ጋር አዲስ አበባ መጣ፤ መርካቶም ገባ። በሰው ግፊያ መካከል ሲያልፍ ወገቡን በገመድ የታጠቀ፣ አንገቱ እስኪጠፋ ድረስ የጣቃ ጨርቅ የተሸከመ ሰው አየ፤ አባቱ ነበር። አባትም አይቶታል ብሎ ያምናል። ልጁ ፊቱን አዙሮ እንዳላየ ሆኖ ሄደ። ማታ በዘመድ ቤት ተገናኙ፤ አባቱ ኮቱን ለብሶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ስለዚያች ሰዓት ግን እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ያሳዘነን ሸክሙ አልነበረም። ሸክም የተከበረ ሥራ ነው። ያሳዘነን፣ አባት ልጁን ያሳደገበትን ነገር ከልጁ መሰወሩ ነው። ልጁ የአባቱን ድካም ቢያውቅ ኖሮ የበላው እንጀራ ምን ያህል ፍቅር እንዳለበት ባወቀ ነበር። ነገር ግን ገንዘቡን እንጂ ድካሙን አላየም፤ ስለዚህም ፍቅሩን ሊያይ አልቻለም። ከቁምስናዎቻችን ልጆች ምን ያህሉ «አባትህ ምን ይሠራል?» ቢባሉ ከ«አዲስ አበባ ነው» ሌላ መልስ አላቸው? ከተማ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል። ናዝሬት ግን ዮሴፍን በሙያው ታውቀው ነበር።

አንዳንድ አባቶች ሥራቸው ዝቅ ያለ መስሎ ስለሚታያቸው ይደብቁታል። ለእነርሱ የምንለው፣ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ 1 ቀን የምታከብረው በዓል የነጋዴው ዮሴፍ ወይም የባለሥልጣኑ ዮሴፍ በዓል አለመሆኑን ነው። የሠራተኛው ቅዱስ ዮሴፍ በዓል ነው። በየማለዳው በአዲስ አበባ አደባባዮች ሥራ ሊቀጠሩ የሚቆሙትን ሰዎች ስናይ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የተጻፉት ሠራተኞች ይታዩናል። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከወንጌሉ ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ በዐሥራ አንድ ሰዓት ገና ቀጣሪ ሳያገኝ መቆም ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ ትርጓሜ ይገባናል። የወይኑ ጌታ ለእነዚያ ለመጨረሻዎቹ ሙሉ የቀን ደመወዝ የከፈለው፣ የእነርሱም ልጆች ማታ እንደሚርባቸው ስለሚያውቅ ነው ብንል ከወንጌሉ መንፈስ የራቅን አይመስለንም።

ዐረብ አገር የሄደች እናት

አባት ርቆ እናት በቤት ስትኖር የልጅ ሕይወት በአንድ እግር ቢሆንም ቆሞ ይሄዳል። ከቅርብ ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን ሄያጅዋ እናት ሆናለች። ሳውዲ ዐረቢያ፣ ኩዌት፣ ቤይሩት፣ ዱባይ የሚሉት ስሞች በሩቅ መንደሮቻችን ሳይቀር እንደ ጎረቤት ወረዳ ስም ይጠራሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ መንግሥትም ጉዞውን ለዓመታት ሲያግድ፣ ነገሩ ያበቃ የመሰለን ነበርን። አላበቃም። እግዱ ከተነሣ በኋላም፣ ከመነሣቱም በፊት በሕገ ወጥ መንገድ፣ ጉዞው ቀጥሏል።

እነዚህ እህቶቻችን በሰው ቤት የሰው ልጅ እያሳደጉ የራሳቸውን ልጅ የሚያሳድግ ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው አያት ናት። አያት ታጠባለች፤ ታበላለች፤ ታስተኛለች፤ መስቀል ማማተብንም የምታስተምረው እርስዋ ናት። በብዙ ቁምስና እምነትን ያቆዩልን አያቶች ናቸው ብንል አናጋንንም። ሆኖም አያት ትደክማለች፤ የትምህርት ቤት ደብተር ማየት ላትችል ትችላለች፤ ልጁም ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ትእዛዝዋ አይደርስበትም።

እናት በስልክ ትደውላለች። ዛሬ በኢሞ ፊት ለፊት መተያየት ስለሚቻል ብዙዎች መለየቱ የቀለለ ይመስላቸዋል፤ በእርግጥም ደብዳቤ ወራት ይፈጅበት ከነበረው ዘመን ይሻላል። ነገር ግን ልጁ በስልኩ መስተዋት ላይ የሚያያት ሴት እንባዋን እየዋጠች «ምን ልላክልህ?» ብላ ትጠይቀዋለች፤ እርሱም የሚፈልገውን ይነግራታል። በዚህ ዓይነት ቀስ በቀስ ንግግራቸው ሁሉ ስለ ዕቃ ይሆናል። አንዲት እናት ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ልጅዋ አያቱን ወደ ጎን ስቦ «እንግዳዋ መቼ ነው የምትሄደው?» ብሎ እንደ ጠየቀ እርስዋው ነግራናለች። ከዚያ በኋላ ተመልሳ አልሄደችም። እንድትቀር የመከርናት እኛ አይደለንም፤ ለመምከርም ድፍረት አልነበረንም፤ ከመሄድዋ በፊት የነበረባትን ዕዳ እናውቅ ነበርና።

ስለዚህ ለምእመናን የምናቀርበው አሳብ «አትሂዱ» የሚል አይደለም። ጉዞው በቤተሰብ ሸንጎ ሲመከር የሚነሡት ጥያቄዎች ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ደላላው ማን እንደ ሆነ፣ ወርኃዊ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ ነው። ከእነዚህ ጋር አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ልጁን ማን ያሳድገዋል? ለስንት ጊዜ? ልጁስ ይህን ከማን አፍ ይሰማል? ሌሊት ተነሥታ ልጅዋን በእንቅልፍ ትታ የሄደች እናት ብዙ ናት። ልቅሶውን ላለማየት ነው፤ ይገባናል። ልጁ ግን በነጋታው ያለቅሳል፤ ከዚያም በኋላ እንቅልፍን ይፈራል።

በከተማው ቤት ያለችው ሌላ ልጅ

ስለ ከተማ ቤተሰቦች ብዙ ማለት በተቻለ ነበር፤ ከንጋቱ በፊት ታክሲ ተሰልፈው ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ ስለሚገቡ ሠራተኞች፣ በፈረቃ ስለሚሠሩ ባልና ሚስት፣ ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ ድንጋይ ስለምታቀብል የግንባታ ሠራተኛ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ጊዜን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት አዟል፤ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሰጥቷል። ለአባትም 3 ቀን ሰጥቷል። ሦስት ቀን ሕፃን ለማወቅ ይበቃ እንደ ሆነ አባቶች ይፍረዱ። ከምእመናኖቻችን መካከል አሠሪዎች አሉ፤ ሕጉን ጠብቀው ሠራተኛቸውን በሰዓቱ ወደ ቤቱ መልቀቅ ለእነርሱ ከንስሐ ሥራ ይቆጠርላቸዋል።

እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ ልንናገርባት የምንፈልገው ብዙ ጊዜ የማትቆጠር አንዲት ልጅ ናት። ባልና ሚስት ሁለቱም ሲሠሩ ሕፃኑን የምትይዘው ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። አንዳንድ ጊዜ ዐሥራ ሦስት ወይም ዐሥራ አራት ዓመትዋ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ከእኛው ገጠር ቁምስና የመጣች፣ እኛው ያጠመቅናት ናት። «ዘመድ ናት፤ እያስተማርናት ነው» ይባላል። እውነት የሚሆንበት ቤት አለ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ለመሥዋዕተ ቅዳሴ ሲወጣ እርስዋ ምሳ ለመሥራት ትቀራለች። ልጆቹ ትምህርተ ክርስቶስ ይማራሉ፤ የልጆቹን ልብስ ያጠበችው ልጅ አትማርም። የራሳችንን ልጅ ለማሳደግ ጊዜ ስናጣ የሌላ ሰው ልጅ ልጅነትዋን እንድትሰጠን አደረግን።

ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ በዚህ ላይ ግልጥ ነው። ዕረፍቱ ለቤቱ ጌታና ለልጆቹ ብቻ ሳይሆን ለወንዱና ለሴቲቱ አገልጋይ መሆኑን ኦሪት ዘጸአት (20፥10) ይናገራል፤ ዘዳግም ደግሞ (5፥14) አገልጋዩ እንደ አንተው ይረፍ የሚለውን ይጨምርበታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነውን የግል አገልግሎት ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል፤ ስለዚህ ይህች ልጅ በሰው ሕግ ዘንድ ጥበቃዋ አነስተኛ ነው። በእግዚአብሔር ሕግ ዘንድ ግን ከሦስት ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ስምዋ ተጽፎላታል። በከተማ ቁምስናዎች ያላችሁ መምህራን የልጆችን ስም ስትመዘግቡ ወላጆችን «በቤታችሁ ሌላ ልጅ አለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙዎች አፍረው ዝም ይሉ ይሆናል፤ ጠይቁ ግን።

ቤተ ክርስቲያንም ሰዓት ትወስዳለች

ሌላውን ስንመክር ራሳችንን መርሳት የለብንም። የወላጆችን ስብሰባ በሥራ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ጠርተን ሰው ሲቀር «ለልጆቻቸው ግድ የላቸውም» ብለን ከመቅደስ የተናገርን እኛው ነን። የቀን ሠራተኛ ያን ስብሰባ ቢመጣ የዚያን ቀን እራት ያጣል፤ ይህን ያስተዋልነው አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጠብቃ በትሕትና ከነገረችን ወዲህ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ራሳቸው ወላጆች ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ለእንጀራ ይሠራሉ፤ ቅዳሜ ዝግጅት፣ እሑድ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ የማኅበር ስብሰባ፣ ከዚያም መዘምራን። የሌላውን ልጅ ስለ እግዚአብሔር አባትነት ሲያስተምሩ የራሳቸው ልጅ በቤት ይጠብቃቸዋል። የቁምስና አለቆች የመምህራኑን ሰዓት ሲመድቡ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በቀር ሙሉ በሙሉ ነጻ ቢያደርጓቸው አገልግሎቱ አይጎዳም እንላለን። በወር አንድ እሑድ ትምህርት የቀረባቸው ልጆች ሃይማኖታቸውን ሲክዱ አላየንም። (እኛ ልጅ ያልወለድን፣ ሰው ሁሉ ግን «አባ» ብሎ የሚጠራን ካህናት ስለ አባትነት ስንመክር አንዳንድ አባቶች ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። ፈገግታቸው ይገባናል፤ ቢሆንም ስሙን የሰጡን እነርሱ ናቸው።)

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

እንግዲህ ወደዚያ ልጅ እንመለስ። «አባታችን ሆይ»ን እንዴት እናስተምረው? እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ጸሎት ሲተረጉም በጣም ጠቃሚ ምክር ይሰጣል (ቁ. 2779)። እያንዳንዳችን ከግል ሕይወታችንና ከባህላችን የወሰድነው የአባትና የእናት ምስል እግዚአብሔርን በምናይበት ዓይን ላይ ይጋረዳልና፣ አስቀድመን ልባችንን ማንጻት እንደሚገባን ያስተምራል። ስለዚህ ትምህርቱን «አባታችሁ እንደሚወዳችሁ እግዚአብሔርም እንዲሁ ይወዳችኋል» ብላችሁ አትጀምሩ። ከፊታችሁ አባቱ የሞተበት፣ አባቱ ጠጥቶ የሚደበድበው፣ አባቱ በመስቀል የሚመጣ ልጅ ተቀምጧል። ሐዋርያው ጳውሎስ አባትነት ሁሉ ስሙን ከእግዚአብሔር እንደሚያገኝ ይናገራል (ኤፌ. 3፥14-15)፤ መንገዱ ከላይ ወደ ታች ነው። ከኢየሱስ ጀምሩ። እርሱ በማለዳ ወደ ማን ይጸልይ እንደ ነበር፣ በጌቴሴማኒ በጨነቀው ጊዜ ማንን እንደ ጠራ፣ በመስቀል ላይ ነፍሱን ለማን አደራ እንደ ሰጠ አሳዩአቸው። ልጆች አባት ማለት በጨለማም ቢሆን የሚጠሩት መሆኑን ከዚያ ይማራሉ።

ከዚያ በኋላ የሉቃስን ምዕራፍ 15 አንብቡላቸው፤ ነገር ግን በጥንቃቄ። በዚያ ምሳሌ የሚሄደው ልጁ ነው፤ መንገድ እያየ የሚጠብቀው አባት ነው። በእኛ መንደሮች የተገለበጠ ነው፤ የሚሄደው አባት ነው፤ መስከረም ሲመጣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ወጥቶ መንገድ የሚያየው ልጅ ነው። ይህን አትሸፋፍኑ። ልጆቹ መጠበቅን ከእናንተ ይልቅ ያውቁታል። «መጠበቅ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቋቸውና እስኪጨርሱ አድምጡ። ከዚያም እግዚአብሔር እንዲሁ መንገድ እያየ እንደሚጠብቃቸው ንገሯቸው።

አባቶችንም ከዚህ ሥራ አታግልሏቸው። በመስቀል ሰሞን ሁሉም በቤት አሉ፤ ከመስከረም 17 በኋላ ባሉት ቀናት፣ ከቀትር በኋላ፣ አጭር የአባቶችና የልጆች ጉባኤ መጥራት ይቻላል። ንግግር አይብዛበት። በቅድሚያ ለልጆቹ የቤት ሥራ ስጧቸው፤ አባታቸውን ከማለዳ እስከ ማታ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚሠራ፣ ሲደክመው ምን እንደሚያስብ ይጠይቁ። እናታቸው ሩቅ አገር ያለች በስልክ ይጠይቁ፤ «ምን ልላክልህ?» ለሚለው ጥያቄ ለአንድ ቀን እነርሱ ጠያቂ ይሁኑ። አባቱን በሞት ያጣ ልጅ የእናቱን ወይም የአያቱን ሥራ ይጠይቅ። መልሱን ይዘው ሲመጡ እያንዳንዱ ሥራ በስሙ ተጠርቶ ይጸለይለት። አባቶችም በበዓሉ ቀናት ቢያንስ አንድ ቀን እንግዳና ሽማግሌ ሳይኖር ከልጃቸው ጋር ወደ እንሰቱ ይውረዱ፤ ስጦታ ከሰጡ በኋላ ሁለት ሰዓት አብረው ይቆፍሩ።

በዚያ ቁምስና ያለው መምህር ባለፉት ዓመታት በአንዱ ይህን ሞክሮ ነበር። «በመስቀል የሚመጣ ነው» ያለን ልጅ አባቱ በሊስትሮነት እንደ ጀመረና ዛሬ መርካቶ ውስጥ ጫማ እንደሚጠግን ለክፍሉ ተናገረ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ የእርሱም አባት እዚያው ጫማ ጠጋኝ መሆኑን ገለጠ። ቢጠያየቁ ሁለቱ አባቶች ለዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚሠሩ ባልንጀሮች ነበሩ። ልጆቻቸው በአንድ ክፍል ሲማሩ ይህን ያወቁት ያን ቀን ነው።